የሆኪ ትሬድ ጥያቄና መልስ፦ መጀመሪያ ውሉን እዩ

ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ስለ ኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ) ትሬድ፣ ማለትም ተጫዋች ስለ መለዋወጥ፣ እና ስለ ቡድን አገነባብ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። የዋሽንግተን ካፒታልስ ደጋፊ ነኝ፤ ገለልተኛ ዳኛ አትጠብቁ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። የተጫዋቹ ውል ስንት ዓመት እንደቀረውና በዓመት ስንት እንደሚበላ ሳታዩ "እገሌን በእገሌ እንለውጥ" አትበሉኝ። በሉ ጀምሩ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ጋሼ፣ እኔ የኳስ ሰው ነኝ። አርሰናል ተጫዋች ሲፈልግ ከፍሎ ይገዛል። ሆኪ ላይ ለምንድነው ሁልጊዜ ሰው በሰው የሚለወጠው? ባለቤቶቹ ገንዘብ አጥተው ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ገንዘብስ ሞልቷቸዋል። ግን በትሬድ ላይ ጥሬ ገንዘብ መስጠት ክልክል ነው። ድሮ ይቻል ነበር። ኦገስት 1988 ላይ ኤድመንተን ዌይን ግሬትዝኪን ለሎስ አንጀለስ ሲሰጥ፣ ከተጫዋቾችና ከሦስት የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫዎች (ድራፍት ቡድኖች በየዓመቱ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ነው) በተጨማሪ 15 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሏል። ከዚያ የ2004-05 ሲዝን መጣ። ባለቤቶችና ተጫዋቾች በደሞዝ ጉዳይ ተጣልተው አንድም ጨዋታ ሳይደረግ ዓመቱ ተሰረዘ። ሲታረቁ የደሞዝ ጣሪያ፣ ማለትም አንድ ቡድን በዓመት ለተጫዋቾች ደሞዝ ሊያወጣ የሚችለውን ወሰን፣ ይዘው ተመለሱ። መጀመሪያ 39 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ በ2025-26 95.5 ሚሊዮን ደርሷል። ባለቤቱ የፈለገውን ያህል ሀብታም ይሁን፣ ከዚያ ማለፍ አይችልም። እያንዳንዱ ተጫዋች ከጣሪያው የሚይዘው ደግሞ የውሉ ጠቅላላ ገንዘብ ለዓመታቱ ተካፍሎ ነው። ስለዚህ ትሬድ ላይ የምትለዋወጠው ሰው ብቻ አይደለም። ውል ነው የምትለዋወጠው። አንዳንዱ ቡድን ጎበዝ ልጅ የሚሰጠው ደሞዙን ለማራገፍ ሲል ብቻ ነው።

የአሌክሳንድሪያው፦ የካፒታልሱ ኦቪችኪን አርጅቷል፣ ይለወጥ የሚሉ አሉ። ምን ትላለህ?

መልስ፦ አይለወጥም። ቀጣይ።

የአሌክሳንድሪያው፦ ምክንያቱን እንኳ ንገረን እንጂ።

መልስ፦ በ2004 አንደኛ ተመርጦ የመጣ፣ የ2018ን ዋንጫ ያነሳ፣ ኤፕሪል 6፣ 2025 ደግሞ የግሬትዝኪን 894 ጎል አልፎ 895ኛውን ያገባ ሰው ነው። በምትኩ የሚመጣ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ምን ያደርግልሃል? ቀጣይ ብያለሁ።

የአርሊንግተኗ፦ የፒየር-ሉክ ዱቧ ትሬድ ግን እንዴት ተሳካ? ሲመጣ ሁሉም ሰው ሲስቅ ትዝ ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አሁን የምወደውን ጠየቅሽኝ። ሎስ አንጀለስ በ2023 በስምንት ዓመት ውል፣ በዓመት 8.5 ሚሊዮን አመጣው። በመጀመሪያው ዓመት 40 ነጥብ (ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ) ብቻ አመጣ። ያን ውል የሚቀበል ሞኝ አይገኝም ተባለ። ጁን 2024 ላይ ካፒታልስ በረኛውን ዳርሲ ኬምፐርን ሰጥቶ ወሰደው። አንድ ለአንድ፣ ምንም ጭማሪ የለም። በ2024-25 ዱቧ 66 ነጥብ አመጣ። ኬምፐርም እዚያ ሄዶ ለዓመቱ ምርጥ በረኛ ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ሦስት እጩዎች አንዱ ሆነ። ሁለቱም አተረፉ። ትሬድ ላይ የግድ አንዱ መሞኘት አለበት የምትሉ ይህችን ያዙልኝ።

ዋናው ነገር ግን እድሜውና ጣሪያው ነው። ሲመጣ 25 ዓመቱ ነው፤ ቦታው ደግሞ ሴንተር (የመሃል አጥቂ)። ጥሩ ሴንተር ገበያ ላይ እንደ ልብ አይገኝም። በዚያ ላይ በ2024-25 ጣሪያው 88 ሚሊዮን ነበር፣ ለ2026-27 ሊጉ 104 ሚሊዮን ብሎ አስቀድሞ አስታወቀ። 8.5ቱ ግን ያው 8.5 ነው። ከጣሪያው ወደ አሥር በመቶ ይይዝ የነበረው ውል ወደ ስምንት በመቶ ይወርዳል ማለት ነው። ተጫዋቹ ምንም ሳይሻሻል ውሉ ይረክሳል። ረጅም ውል ሁሉ መጥፎ የሚመስላችሁ ይህን ስለማታሰሉ ነው።

የቦልቲሞሩ፦ ፊሊፕ ፎርስበርግን ለምን ሰጠነው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ እስካሁን ባለመምጣቱ ገርሞኝ ነበር። በ2012 በ11ኛ ምርጫ ወሰድነው። ኤፕሪል 2013 ለናሽቪል ሰጥተን ማርቲን ኢራትንና ማይክል ላታን ተቀበልን። ኢራት ዓመት ሳይሞላው ትሬድ ተደርጎ ሄደ። ፎርስበርግ የናሽቪል የምንጊዜም ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ። መጥፎ ትሬድ ነው፣ ሁላችንም እናውቃለን። የዛሬ ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ለዋንጫ የሚደረገው ጥሎ ማለፍ) ይሻለኛል ብለህ ገና ያልበሰለ ልጅ ስትሰጥ የሚመጣው ይሄ ነው።

የአሌክሳንድሪያው፦ በረኛስ? ሎጋን ቶምፕሰን ይበቃናል?

መልስ፦ በረኛ አልተነብይም። የሚተነብይ ካለ ይዋሻል። ከቬጋስ በሁለት የሦስተኛ ዙር ምርጫዎች ነው የመጣው፣ በዚያ ዋጋ ማንም ይወስደዋል።

የሚኒያፖሊሱ፦ ቡድን እንዴት ነው የሚገነባው? በአጭሩ።

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ አትጠይቁኝ። የትኛው ቡድን? ጣሪያው ላይ ስንት ቀርቶታል? 23 ተጫዋቾች መያዝ ትችላለህ፣ 20 ይሰለፋሉ፣ ሁለቱ በረኞች ናቸው። ከዚያ በላይ በአጭሩ የሚባል ነገር የለም።

የሚኒያፖሊሱ፦ ጋሼ አትቆጣ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ሃሃ፣ በእውነት ግን ይሄ የፈረንጅ ገና ነው እኮ። ዱላው ያው፣ ግፊያው ያው። በረዶው ብቻ ነው የተጨመረው።

የአርሊንግተኗ፦ ገና ላይ የደሞዝ ጣሪያ የለም።

የቦልቲሞሩ፦ ዳኛም የለም። የሰፈራችን ተከላካይ ዛሬ ኤንኤችኤል ቢሆን አምስት ደቂቃ ሳይጫወት ቅጣት ሳጥን ውስጥ ይከርም ነበር።

መልስ፦ እሺ፣ ሳቃችሁ ሲያልቅ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። የሚኒያፖሊሱ፣ አልተቆጣሁም። ቡድን ጥቀስልኝ።

የሚኒያፖሊሱ፦ እሺ፣ ፍሎሪዳ። እንዴት ሁለት ተከታታይ ዋንጫ በላ?

መልስ፦ አየህ፣ ይሄ ጥያቄ ነው። በ2024 እና በ2025 ሁለቱንም ጊዜ ኤድመንተንን አሸንፎ ወሰደ። ቡድኑን አንድ በአንድ ፈልፍለው። በድራፍት ያገኛቸው ምሰሶዎች ጥቂት ናቸው። ባርኮቭ በ2013 ሁለተኛ ተመርጦ፣ ኤክብላድ በ2014 አንደኛ ተመርጦ፣ ሉንደል በ2020። የቀረው በገበያ የተለቀመ ነው። ሳም ቤኔት ከካልጋሪ በትሬድ፣ ሳም ራይንሃርት ከቡፋሎ በትሬድ። ካርተር ቨርሄጊን ታምፓ ውል ሳያቀርብለት ለቀቀው፣ ፍሎሪዳ በርካሽ አስፈረመው። ጉስታቭ ፎርስሊንግ ደግሞ የባሰ ነው። ጃንዋሪ 2021 ካሮላይና ዌይቨር ላይ አስቀመጠው፣ ማለትም ሌላ ቡድን በነጻ እንዲወስደው ክፍት አደረገው፣ ፍሎሪዳ በነጻ ወሰደው። ከሊጉ ምርጥ ተከላካዮች አንዱ የተገኘው በዜሮ ዋጋ ነው።

ትልቁ ትሬድ የ2022ቱ ነው። የፍሎሪዳው አጥቂ ሁበርዶ በዚያ ሲዝን 115 ነጥብ አምጥቷል። እሱን፣ ተከላካዩን ዊገርን፣ አንድ ወጣትና አንድ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ሰጥተው ማቲው ካቸክን ከካልጋሪ አመጡ። 115 ነጥብ ያመጣ ሰው ይሰጣል? ይሰጣል! ሁበርዶ 29 ዓመቱ ነበር፣ ውሉም ሊያልቅ አንድ ዓመት ነው የቀረው። ካቸክ 24 ነው፣ ለስምንት ዓመት፣ በዓመት 9.5 ሚሊዮን ፈርሞ ነው የመጣው። ካልጋሪ ሁበርዶን በዓመት 10.5 ሚሊዮን ለስምንት ዓመት አስፈረመ፣ በሚቀጥለው ሲዝን ነጥቡ 55 ሆነ። ውሉን እዩ የምለው ለዚህ ነው።

የቶሮንቶው፦ ወንድሜ፣ ዋናውን ዘለልከው። ፍሎሪዳ የስቴት የገቢ ግብር የለም። ተጫዋቹ በርካሽ የሚፈርመው ለዚህ ነው። ቶሮንቶ ግማሹን መንግሥት ይወስድበታል። ውድድሩ ፍትሐዊ አይደለም።

የአርሊንግተኗ፦ አሁን ደግሞ የግብር ለቅሶ ተጀመረ።

የቶሮንቶው፦ ለቅሶ አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ታምፓ፣ ፍሎሪዳ፣ ቬጋስ፣ ዳላስ። ከላይ ያሉትን ቆጥረሽ ንገሪኝ።

የቦልቲሞሩ፦ ናሽቪልም ግብር የለም። ዋንጫቸው የታለ?

መልስ፦ ቶሮንቶ፣ ግብሩ ምንም አይረዳም አልልህም፣ ይረዳል። ግን ፍሎሪዳ ድሮም ግብር አልነበረም። ያ ቡድን ከ1996 በኋላ እስከ 2022 ድረስ አንድ የፕሌይኦፍ ዙር አላሸነፈም። በ2022 ማንን እንዳሸነፈም አስታውሱ፣ እኛን ነው። ፀሐዩም ግብሩም ያው ነበር። የተለወጠው ተጫዋች የሚመርጡት ሰዎች ናቸው።

የእናንተ ችግር ሌላ ነው። በ2019-20 ማቲውስ፣ ማርነር፣ ታቫሬስና ናይላንደር አራቱ ብቻ 40 ሚሊዮን ተኩል ያህል ይይዙ ነበር። ጣሪያው 81.5 ነበር። ግማሹ ለአራት ሰው! ከዚያ ኮቪድ መጣና ጣሪያው ለሦስት ሲዝን እዚያው ቆመ። ይጨምራል ብለው የፈረሙት ውል ሳይጨምር ቀረ። ይህ መጥፎ ዕድል ነው፣ እቀበላለሁ። ግን በቀረው ግማሽ 19 ሰው መሙላት ሲኖርብህ ሦስተኛና አራተኛ የአጥቂ መስመርህ ምን እንደሚመስል አንተው ታውቃለህ።

የቶሮንቶው፦ ከ1967 ጀምሮ ዋንጫ አለመብላታችንን እንዳታነሳብኝ ብቻ።

መልስ፦ አንተው አነሳኸው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ሦስት ጥሩ ጥሩ ልጆች ሰጥተን የኤድመንተኑን ኮከብ ማክዴቪድን ብናመጣስ?

መልስ፦ የማን ልጆች? ውላቸው ስንት ነው? እሱስ እሺ ብሏል? ኮከቦች ያለፈቃዳቸው እንዳይዛወሩ ውላቸው ውስጥ ያስጽፋሉ። ሦስት ለአንድ ስትል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው አንዱን የወሰደው ነው። በረዶ ላይ ከበረኛው ሌላ አምስት ሰው ነው የሚገባው፣ ሦስቱን አንድ ላይ ደርበህ አታስገባም።

የሚኒያፖሊሱ፦ ሊንድሮስስ? እዚያ ብዙ የወሰደው ነው ያተረፈው።

መልስ፦ እሱ የታወቀው ልዩ ጉዳይ ነው። ኤሪክ ሊንድሮስ በ1991 አንደኛ ተመረጠ፣ ለኩቤክ አልጫወትም ብሎ ዓመት ሙሉ ሳይፈርም ቆየ። በ1992 ፊላደልፊያ አምስት ስድስት ተጫዋቾች፣ ሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችና 15 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ ወሰደው። ከተሰጡት አንዱ ፒተር ፎርስበርግ ነበር። የቦልቲሞሩ፣ ይሄ ሌላው ፎርስበርግ ነው፣ እንዳትጀምር። ኩቤክ በ1995 ወደ ኮሎራዶ ተዛወረ፣ በ1996 ዋንጫ በላ። ግን ከሰጧቸው መሃል አንዱ ራሱ ኮከብ ሆኖ ወጣ እኮ። ከዚህ ተነስታችሁ ሦስት መካከለኛ ተጫዋች አንድ ማክዴቪድ ያመጣል አትበሉኝ።

የአርሊንግተኗ፦ ደሞዝ "ይዞ ማስቀረት" የሚባለው እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ሻጩ ከተጫዋቹ ደሞዝ እስከ ግማሽ ድረስ እሱ ይይዛል፣ ገዢው የቀረውን። አንድ ቡድን በአንድ ጊዜ እስከ ሦስት እንዲህ ያለ ውል መያዝ ይችላል። ሦስተኛ ቡድንም መሃል መግባት ይችላል። ጃንዋሪ 2025 ሚኮ ራንታነን ከኮሎራዶ ወደ ካሮላይና ሲሄድ ግማሽ ደሞዙን ያዘው ቺካጎ ነው። ካሮላይና 9.25 ሚሊዮኑን ሰውዬ በ4.625 አገኘው። ከዚያ አልፈርምም ሲላቸው ማርች 7 ለዳላስ ሰጡት። ዳላስ ወዲያው ለስምንት ዓመት በጠቅላላ 96 ሚሊዮን አስፈረመው። በዚያው ፕሌይኦፍ በሰባተኛው ጨዋታ ሦስት ጎል አግብቶ የቀድሞ ቡድኑን ኮሎራዶን አሰናበተ።

የቦልቲሞሩ፦ የታምፓው ማጭበርበርስ?

መልስ፦ ማጭበርበር አልነበረም፣ ሕጉ ክፍት ነበር። ኩቸሮቭ የዳሌ ቀዶ ጥገና አድርጎ የ2020-21ን መደበኛ ሲዝን ሙሉ አልተጫወተም፣ ስለዚህ ታምፓ በእሱ ደሞዝ ልክ ከጣሪያው ማለፍ ተፈቀደለት። ፕሌይኦፍ ላይ ጣሪያ ስላልነበረ ተመልሶ 32 ነጥብ አመጣ፣ ዋንጫውንም በሉ። ከ2025-26 ጀምሮ በፕሌይኦፍም የሚሰለፉት 20 ሰዎች ደሞዝ ይቆጠራል። በሩ ተዘግቷል።

የአሌክሳንድሪያው፦ አሬናው አካባቢ መኪና የት ይቆማል?

መልስ፦ ቻይናታውን ሄደህ አማርኛ ተናጋሪ ፓርኪንግ ሠራተኛ ፈልግ፣ አታጣም። ሌላ ጥያቄ?

የቶሮንቶው፦ የመጨረሻ። ማርነርን በኒኮላ ሩዋ ብቻ ለቬጋስ ሰጠነው። ይህ ትሬድ ይባላል?

መልስ፦ ጁላይ 1፣ 2025 ውሉ አልቆ ነጻ ሊሆን ነበር፣ ያኔ ምንም አታገኝም። ሩዋን ያገኘኸው ቬጋስ የስምንት ዓመት ውል ስለፈለገ ነው፤ ያንን መስጠት የሚችለው የራሱ ቡድን ብቻ ነበር። በዓመት 12 ሚሊዮን ፈርሞ ሄደ። ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ከጁላይ 1፣ 2023 በፊት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለፈቃዱ የትም ልትሰደው አትችልም ነበር።

የቶሮንቶው፦ እና ያኔ ማን ደፍሮ ይሰጠዋል? ከተማው ይቃጠል ነበር።

መልስ፦ ይቃጠላል። ፍሎሪዳም 115 ነጥብ ያመጣውን ሲሰጥ ደጋፊው አላጨበጨበም። በሉ ደህና እደሩ፣ ነገ ጠዋት ሥራ ገቢ ነኝ።