ለእሳት አጥፊ አውሮፕላን መሬት ላይ ለምትሠሩ ልጆች

ይድረስ በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ፣ በመናገሻና በሆለታ ዙሪያ ሆናችሁ ይህን ሥራ ለመልመድ ለተነሳችሁ ወጣቶች።

በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ደግሞ ከእስራኤል መጥተው ነበር። አውሮፕላንና አብራሪ ከሩቅ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ሜዳው፣ ውሃው፣ ገመዱና አውሮፕላኑ እንዳይንከባለል ከእግሩ ሥር የሚገባው ታኮ ግን የእናንተ ነው። እንጦጦ ወይም ወጨጫ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ በበጋ ንፋስ እሳት ሲይዘው ሁሉም ሰው መሮጥ ያምረዋል። የእናንተ ሥራ ያ ሩጫ ወደ ሞተሩ አጠገብ እንዳይገባ ማድረግ ነው።

ፍጥነቱን የሚያመጣው የዕቃው አቀማመጥ ነው። ኤር ትራክተር 802 የተባለው ባለ አንድ ሞተር እሳት አጥፊ እስከ 3,000 ሊትር ገደማ ይይዛል። ፓምፓችሁ በደቂቃ 1,000 ሊትር ከገፋ፣ ሙሊቱ ሦስት ደቂቃ ነው። በሩጫ ብታተርፉ ሃያ ሴኮንድ ብታተርፉ ነው፤ ፓምፑ አልነሳ ብሎ ገመዱን ስትጎትቱ ግን አምስት ደቂቃው ሄደ። ስለዚህ ሁለተኛ ፓምፕ ተሞክሮ ይቀመጥ፤ ቦቴው አውሮፕላኑ ከመድረሱ በፊት ቦታውን ይያዝ፤ ውሃ የሚያስተላልፈው ጎማ ሳይጠማዘዝ ተዘርግቶ ይጠብቅ።

ሞተሩ ሳይጠፋ ሲሞላ የሚዞር ፕሮፔለር ለዓይን አይታይም፤ ሰው የሚገድለውም ስለዚህ ነው። አብራሪው ፍሬን ይዞ ምልክት እስኪሰጥና ታኮ እስኪገባ ማንም አይነቃነቅ። ጎማ ያዡ ሁልጊዜ ከክንፉ በስተኋላ ይምጣ፣ በመጣበትም ይመለስ። የመሙያው አፍ ያለበት ቦታ እንደ አውሮፕላኑ ስለሚለያይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አብራሪው ራሱ ያሳያችሁ። ሙሊቱ ሲያበቃ መጀመሪያ ፓምፑ ይቁም፣ ቀጥሎ በሁለቱም ወገን ያለው ቫልቭ ይዘጋ፣ መጋጠሚያው የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ግፊት ያለበት ሦስት ኢንች ጎማ ሲፈታ ሰው ይጥላል፤ የወደቀው ሰው የሚያርፈው ደግሞ ወደ ፕሮፔለሩ ሊሆን ይችላል። ሂድ የሚለውን ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። እሱም ጎማው ከአውሮፕላኑ መሄጃ መስመር ውጭ መሆኑን፣ ክዳኑ መዘጋቱን፣ ታኮው መነሳቱንና የቡድኑን ሰው በሙሉ በዓይኑ ሳያይ እጁን አያንሳ።

አሁን ብዙ ጭቅጭቅ ወደሚነሳበት ነገር ልምጣ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ነው፤ ሱሉልታ ከዚያም ይበልጣል። በቦሌ ከፍታ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይሳሳና አውሮፕላኑ ከ3,200 ሜትር በላይ እንዳለ ሆኖ ይሠራል። ሞተሩ ይደክማል፣ ክንፉ የሚያነሳው ይቀንሳል፣ መንደርደሪያው ይረዝማል። ስለዚህ አብራሪው ጠዋት 2,400 ሊትር ጠይቆ እኩለ ቀን ላይ 1,900 ቢል ሰነፈ አትበሉ። አንድ ባለሥልጣን ወይም የተቆጣ የአገር ሰው መጥቶ «ለምን ጎዶሎ ይሄዳል? ሙሉት!» ማለቱ አይቀርም። በአክብሮት ከመስመሩ ውጭ አቆዩት። ሊትሩን የሚወስነው አብራሪው ብቻ ነው፤ የምትለኩትም በቆጣሪ እንጂ በግምት አይሁን። የምትሞሉት ተራ ውሃ ይሁን ቀዩ የእሳት ማዘግያ (እሳቱን የሚያዘገየው ኬሚካል) ለአብራሪው መንገር አትርሱ። ማዘግያው በሊትር 1.07 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 3,000 ሊትሩ ከውሃ 200 ኪሎ ያህል ይበልጣል። ፎም (አረፋ የሚሠራው ፈሳሽ) ከሆነ ግማሽ በመቶ (0.5%) በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለ2,000 ሊትር አሥር ሊትር ማለት ነው። ሲፈስ መሬቱን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ዓይንም ያቃጥላል።

ውሃ ስትቀዱ ደግሞ ይህን አስቡ፤ ገፈርሳና ለገዳዲ የከተማው የመጠጥ ውሃ ናቸው። ማዘግያ ወይም ፎም የነካው፣ ሄሊኮፕተር አንጠልጥሎ ውሃ የሚቀዳበት ባልዲ እዚያ አይነከርም። ውሃውን በቦቴ አምጥታችሁ ለብቻው በቆመ ገንዳ አዘጋጁለት።

ሄሊኮፕተር የራሱ ጠባይ አለው። አብራሪው አይቷችሁ ና እስኪላችሁ ቁሙ፤ ከዚያ ከፊት ወይም ከጎን፣ ጎንበስ ብላችሁ ቅረቡ። የኋላው ሮተር (ጅራቱ ላይ የሚዞረው ክንፍ) ያለበት ወገን የማንም መንገድ አይደለም። ዳገት ላይ ከቆመ ከቁልቁለቱ በኩል ነው የሚቀረበው፤ በሽቅቡ ወገን ከላይ የሚዞረው ክንፍ ከመሬት ያለው ርቀት ይጠባልና። ሞተር ሲጠፋ ዝግ ብሎ የሚዞረውም ክንፍ፣ ንፋስ ከመታው ወደ ሰው ራስ ዝቅ ይላል። ማረፊያው ለትልቁ ዓይነት ወርዱ ከ34 ሜትር ያላነሰ ክብ ይሁን፤ አቧራው እንዳይነሳ ቀድማችሁ አርከፍክፉት። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ማሰሪያ የሌለው ኮፍያ ክልክል ነው።

ማርከፍከፉ ላይ ግን ልክ አለው። የሱሉልታና የሰንዳፋ መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ሲነካው ደግሞ ቦቴ ይውጣል። መሙያው ቦታ ላይ ጠጠር አልብሱ፤ የሚንጠባጠብ መጋጠሚያ ካለ ዕለቱን ይቀየር። ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስና የሽቦ ቁራጭ ጠዋትና ከምሳ በኋላ ጎን ለጎን ተሰልፋችሁ እየሄዳችሁ ልቀሙ። ጭላት ጭስ ሲያይ ነፍሳት ለማደን ይመጣልና በመንደርደሪያው ጫፍ ወፍ የሚያይ ሰው ይቁም። ልጆችና ከብት ወደ ሜዳው እንዳይገቡ ከቀበሌውና ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ በዕለቱ በጩኸት አይሆንም። ድሮን ከታየ በረራው ይቆማል፤ ወዲያው በሬዲዮ ንገሩ።

ነዳጅና ውሃ በአንድ ጊዜ አትሙሉ። ለነዳጅ ሞተሩ ይጥፋ፣ የነዳጅ ቦቴውና አውሮፕላኑ በኬብል ይያያዙ፣ ሁለት የእሳት ማጥፊያ በቅርብ ይቁም፣ ስልክና ሲጋራ ይራቅ። የበጋ ሌሊት ውርጭ ጎዶሎ ታንክ ውስጥ ጠል ስለሚያሲዝ በየጠዋቱ ከታንኩ ሥር በብርጭቆ ቀድታችሁ እዩት። ውሃ ከሥሩ ከተጋደመ ንጹሕ ነዳጅ ብቻ እስኪወርድ አፍስሱት።

የጆሮ መድፈኛችሁን አታውልቁ፤ 100 ዴሲቤል ድምፅን ያለ መከላከያ መስማት የሚመከረው በቀን ከሩብ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ብቻ ነው።

ማታ አውሮፕላኑን በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ ማዘግያው ጨው ስለሆነ ብረት ይበላል። ጎማውን አፍስሱና ጠቅልሉ፣ የቫልቮቹን ማሸጊያ ላስቲክ እዩ፣ ታኮና መፍቻ ቆጥራችሁ መዝግቡ። አንድ መፍቻ ከጎደለ እስኪገኝ ድረስ አውሮፕላኑ በማለዳ አይነሳም፤ ለአብራሪው የምትነግሩትም ያንኑ ማታ ነው።