ባለቤቴ ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ጋዙን ያያል፣ «ዘግተሃል» ማለት ደክሞኛል

ጥያቄ፦ «ትዳር ከያዝን 7 ዓመታችን ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ቤቱን የሚወድ ሰው ነው፣ ግን አምና እኛ ብሎክ ላይ አንድ ቤት በጋዝ ከተቃጠለ ወዲህ ማታ ማታ ሲሊንደሩን አስርም አስራ አምስትም ጊዜ እየተነሳ ያያል። "ዘግቼዋለሁ አይደል?" ይለኛል፣ "ዘግተሃል" እለዋለሁ፣ አስር ደቂቃ ሳይቆይ መልሶ ይጠይቀኛል። ጠዋት ታክሲ ከያዘ በኋላ ወርዶ ይመለሳል፣ ከመስሪያ ቤቱ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። አሁን ደግሞ በስልኩ ፎቶ እያነሳው ነው የሚወጣው። እናቱ ጠበል ይግባ ይላሉ። በቀደም "አብደሃል እንዴ" ብዬ ጮህኩበት፣ ከዛ ወዲህ ተደብቆ ነው የሚነሳው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ስለጮህሽው ራስሽን አትውቀሺ፣ ስንት ወር እንቅልፍ ያጣ ሰው ይጮሃል። እኔን የያዘኝ «ተደብቆ ነው የሚነሳው» ያልሽው ነው፣ ምክንያቱም አሁን በጭንቀቱ ላይ ሀፍረት ተጨምሮበታል ማለት ነው፣ የሚያፍር ሰው ደግሞ እርዳታ አይጠይቅም።

ባለቤትሽ አላበደም። በደብዳቤ ብቻ ምርመራ አይሰጥም፣ እርግጠኛውን ቃል በአካል ያየው ባለሙያ ይናገር፣ ግን የጻፍሽው ሁሉ ኦሲዲ (OCD) የሚባለውን የአእምሮ ሕመም በጣም ይመስላል። ሰውዬው ያልፈለገው ሀሳብ እየመጣ ያስጨንቀዋል፣ ጭንቀቱን ለማብረድ አንድ ነገር ደጋግሞ ያደርጋል፣ ትንሽ ይቀለዋል፣ ከዛ ሀሳቡ ተመልሶ ይመጣል። የዛ ቤት መቃጠል ባለቤትሽን እንዲህ የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ስታንሊ ራክማን የሚባል ሳይኮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳስረዳው ደጋግሞ ማየትን የሚያቀጣጥሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው ማለት፣ አደጋው መድረሱ አይቀርም ብሎ መገመት፣ ከደረሰ ደግሞ ምን ያህል ይከፋል የሚለው። ሁለት ልጆች የሚተኙበት ቤት ያለው አባት የጎረቤቱን ጭስ በዓይኑ አይቶ ሦስቱም አንዴ ተገናኙበት። እና ልብ በይ፣ ሰነፍ ወይም ግድየለሽ ሰው እንዲህ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙ ሰው «ስለሚረሳ ነው ደጋግሞ የሚያየው» ይላል፣ ባለቤትሽም እንደዛ ሳያስብ አይቀርም። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኔዘርላንድስ ውስጥ ማርሴል ቫን ደን ሃውት እና ሜረል ኪንት የሚባሉ ተመራማሪዎች ኦሲዲ የሌለባቸውን ተማሪዎች ኮምፒውተር ላይ የተሰራ የጋዝ ምድጃ እንዲያበሩ፣ እንዲያጠፉ፣ ከዛ መጥፋቱን እንዲያዩ አደረጓቸው። አንደኛው ቡድን ይህንን 20 ጊዜ ደጋገመው፣ ሌላኛው ቡድን መሀል ላይ ምድጃውን ትቶ አምፖል ነበር የሚያየው። መጨረሻ ላይ «የመጨረሻውን ጊዜ የትኞቹን የምድጃውን ማብሰያዎች ነው ያየኸው» ተብለው ሲጠየቁ ሁለቱም ቡድኖች እኩል ነው ያስታወሱት። ግን ምድጃውን የደጋገሙት «ብዥ ብሎብኛል፣ አይታየኝም፣ ማስታወሴንም አላምነውም» አሉ። እስቲ አስቢው፣ ጤነኛ ሰዎች ናቸው፣ ትዝታቸውም ልክ ነው፣ ልክ መሆኑን ማመን ነው ያቃታቸው። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 ሞንትሪያል ኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ እውነተኛ ምድጃ ላይ ሲሞከርም ሰዎቹ በትዝታቸው ላይ ያላቸው እምነት ወረደ፣ ሌላ ጥናት ደግሞ መውረዱ ከ2 እስከ 10 ባለው ድግግሞሽ ውስጥ እንደሚጀምር አሳየ፣ ባለቤትሽ በአንድ ሌሊት አስራ አምስት የሚደርስ ሰው ነው።

ለምን እንደዛ ይሆናል መሰለሽ፣ ወጥ ስትሰሪ ጨው መጨመርሽን ተጠራጥረሽ አታውቂም? አንዴ ትቀምሺዋለሽ፣ ታውቂያለሽ፣ ያልቃል። ግን ደግመሽ፣ ደግመሽ፣ ደግመሽ ከቀመስሽው ምላስሽ ይደነዝዝና ጨው ይኑረው አይኑረው ጭራሽ ይጠፋሻል። የባለቤትሽ እጅም እንደዛ ነው የሆነው። መጀመሪያ ሲሄድ የሲሊንደሩን ማዞሪያ በጣቱ ሲይዘው ብረቱ ቀዝቀዝ ያለ እንደሆነ፣ እስከመጨረሻው ዞሮ ሲቆም ገታ እንደሚል ይሰማዋል። አስረኛው ላይ ግን ጣቱም ዓይኑም አያስተውልም፣ የዛሬው ከትናንቱ፣ የአሁኑ ከቅድሙ ጋር ተደባልቆ አንድ ይሆንበታል፣ ስለዚህ አልጋው ውስጥ ሆኖ «አይቼዋለሁ ግን አላየሁትም» የሚል ስሜት ይይዘዋል። ማዞሪያው ላይ አፍጥጦ መቆሙም አይረዳውም፣ አንድን ነገር ለረዥም ጊዜ ትክ ብሎ ማየት ራሱ ያየነውን እንድንጠራጠር እንደሚያደርግ የነቫን ደን ሃውት ተጨማሪ ጥናት አሳይቷል። ፎቶውም ያው ነው። ሰሞኑን «ይሄ የዛሬ ነው የትናንት?» እያለ ሰዓቱን ማየት ይጀምራል፣ ካልጀመረ።

እዚህ ጋ አንቺን የሚመለከተው ነገር አለ፣ እንዳይከፋሽ። «ዘግተሃል» ስትይው በፍቅር ነው፣ እኔም ብሆን እላለሁ፣ ግን ያ መልስ ለሱ አንድ ተጨማሪ ማየት ነው። ለአስር ደቂቃ ያበርድለታል፣ ከዛ የራሱን ትዝታ ትቶ ያንቺን አፍ ይጠብቃል። እኔ ጋ ከሚመጡት ቤተሰቦች ውስጥ እንዲህ ሳያደርግ የመጣ አላየሁም ማለት እችላለሁ። ግን በአንዴ ዝም አትበይው፣ ቅጣት ይመስለዋል። ቀን ላይ፣ ሁለታችሁም ሳትናደዱ ተነጋገሩና እሱ ራሱ ይስማማበት፣ ማታ ሲጠይቅሽ «እንደተጨነቅክ አውቃለሁ፣ አብሬህ ነኝ፣ ግን ተስማምተናል አልመልስልህም» ትይዋለሽ፣ እጁን ትይዢዋለሽ፣ በቃ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብስበታል፣ ይቆጣም ይሆናል።

ይህ ከሕክምናው ጋር ይሄዳል። ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን ውስጥ ቪክቶር ሜየር የሚባል ሳይኮሎጂስት የጀመረው መንገድ ነው፣ ሰውዬው የሚያስጨንቀውን ነገር በትንሽ በትንሹ ይጋፈጣል፣ ግን ደጋግሞ ማየቱን አያደርግም። እነራክማን እ.ኤ.አ. በ1976 እንዳዩት ግፊቱን ሳይታዘዙለት ቢቆዩም ራሱ ይወርዳል፣ ብዙው በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ። ባለቤትሽ ይህንን አያውቀውም፣ ምክንያቱም አንድም ቀን አንድ ሰዓት ጠብቆ አያውቅም፣ ሁልጊዜ ተነስቶ ነው የሚያበርደው።

ጋዝ ቀልድ ስላልሆነ «አትየው» አልልሽም። ሲሊንደሩ በተቀየረ ቁጥር ጎማውን እና መጋጠሚያውን በሳሙና ውሃ ቀቡት፣ አረፋ ካወጣ ያፈሳል፣ ካላወጣ ደህና ነው። ከዛ ማታ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ማዞሪያውን ሲዘጋ እየተሰማው ይዝጋ፣ ወጥቶ አይመለስ። አስራ አምስቱን በአንድ ሌሊት ወደ አንድ ማምጣት ካቃተው ከባለሙያ ጋር ደረጃ በደረጃ ይቀንሱት።

ሀኪም ጋ መሄዱን አታዘግዩት፣ ስራው አደጋ ላይ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል ሰው ይደነግጣል፣ እሱ ከከበደው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ክፍል አለው። መድኃኒት ከታዘዘለት ደግሞ ቶሎ አልሰራም ብሎ እንዳያቆመው፣ ለኦሲዲ እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። እናቱን ስለ ጠበሉ አትከራከሪያቸው፣ ይሂድ፣ ይጸልይ፣ ሕክምናውን ግን እንዳይተው አንቺም እሳቸውም አብራችሁ ንገሩት፣ የእናት ቃል ይከብዳል።

ዛሬ ማታ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ በዪና ስለዛ «አብደሃል» ስላልሽው ይቅርታ በይው። ሌሊት ተደብቆ ሲነሳ እንደምትሰሚው ንገሪው፣ በጨለማ ግድግዳውን እየዳበሰ መሄዱ ይቅር፣ ሳይነሳ መቆየት ካቃተው መብራቱን አብርቶ ይነሳ፣ አንቺንም ይቀስቅስሽ።