ሰዓቴ 2,600 ካሎሪ ታቃጥያለሽ ይለኛል፤ ታዲያ ለምን አልቀንስም?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ክብደቴ 72 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። አብዛኛውን ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል በእግሬ እሄዳለሁ። ስማርት ሰዓቴ በቀን 2,600 ካሎሪ እንደማቃጥል ይነግረኛል። የምበላው ደግሞ 2,000 አካባቢ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ምንም አልቀነስኩም። ሰውነቴ ችግር ይኖርበት ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ የምጠረጥረው ሰውነትዎን ሳይሆን ሰዓቱን ነው።

ብዙ ሰው ካሎሪ የሚቃጠለው ስፖርት ስንሠራ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ቀኑን ሙሉ ተኝተው ቢውሉ እንኳ ልብ ይመታል፣ አንጎል፣ ጉበትና ኩላሊት ሥራቸውን አያቆሙም። አብዛኞቻችን በቀን ከምናቃጥለው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የሚሄደው ለዚህ ነው። ምግብ ለመፍጨት 10 በመቶ ገደማ ይወጣል። የቀረው የእንቅስቃሴ ነው።

የእርስዎን እናስላው። ሐኪሞችና የሥነ ምግብ ባለሙያዎች አዘውትረን የምንጠቀምበት፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ ሚፍሊን ሴንት ጆር የሚባል ቀመር አለ። ክብደትዎን በ10 ያባዙ፤ 720። ቁመትዎን በሴንቲ ሜትር በ6.25 ያባዙ፤ 1,012 ተኩል። ሁለቱን ይደምሩ። ከዚያ ላይ ዕድሜዎን በ5 አባዝተው፣ ማለትም 170፣ ይቀንሱ። ለሴት ደግሞ 161 ይቀነሳል (ለወንድ በዚህ ፈንታ 5 ይደመራል)። ውጤቱ 1,400 አካባቢ ነው። ይህ በዕረፍት ላይ የሚቃጠለው ነው። ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው በ1.2፣ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ላለው በ1.375 ይባዛል። ስለዚህ የእርስዎ ከ1,700 እስከ 1,900 ገደማ ይሆናል። ቀመሩም ግምት ነው፤ 10 በመቶ ወዲያ ወዲህ ሊል ይችላል። ቢሆንም 2,600 በጣም ሩቅ ነው።

ሰዓቱ የልብ ምትን ደህና አድርጎ ይለካል። ካሎሪን ግን አይለካም፤ ይገምታል። ልብ ደግሞ በሙቀትም በጭንቀትም ይፈጥናል።

ከሁሉም በላይ የምተማመነው ግን በሚዛንዎ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። እውነት በየቀኑ 600 ካሎሪ ይጎድል ከነበረ፣ በሁለት ወር ውስጥ አራት ኪሎ ተኩል ያህል መቀነስ ነበረብዎት። ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ የሚያቃጥሉት የሚበሉትን ያህል ነው። ሲፈልጉት የነበረው ቁጥር ይኸው ነው!

የሚበሉት በትክክል 2,000 ነው ወይ? ላይሆን ይችላል። መጥበሻ ላይ የሚፈስ ዘይት፣ ሻይ ውስጥ የሚገባ ስኳር፣ ወጥ ቤት ቆመው የሚቀምሷት ነገር ሁሉ ትረሳለች። ይህ ግን አያስጨንቅዎት። አቆጣጠርዎን ሳይቀይሩ፣ አሁን ከሚጽፉት ላይ ከ300 እስከ 400 ካሎሪ ይቀንሱ። ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ምንም ሳይቀምሱ ይመዘኑ። የአንድ ቀን ቁጥር አይይዙ፤ ጨው፣ ውሃና የወር አበባ ብቻ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። የሳምንቱን አማካይ ወስደው፣ ለአራት ሳምንት ያህል አንዱን ከሌላው ያወዳድሩ። ሲቀንሱ የሚያቃጥሉትም አብሮ ስለሚወርድ፣ በየአምስት ኪሎው ሂሳቡን እንደገና ይሥሩት።

ያለ ሐኪም ክትትል ከ1,200 ካሎሪ በታች እንዲወርዱ አልፈልግም። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ የሚያጠቡ ከሆነ ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ምግብ ከመቀነስዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት፣ የፀጉር መሳሳት ወይም የወር አበባ መዛባት ካለ ደግሞ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለችና ሰውነት ካሎሪ የሚያቃጥልበትን ፍጥነት የምትቆጣጠር ዕጢ) ምርመራ ያድርጉ። ቀላል የደም ምርመራ ነው።