ስሙ የተፋቀን ቺፕ ከቦርዱ ላይ ማንበብ

እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ጥገና የጀመረ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ደንበኛ የፍሪጅ ስታቢላይዘር አመጣልኝ። ሲሰካ ሪሌዮቹ (በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉት ማብሪያዎች) ሳያቋርጡ ቷ ቷ ይላሉ። ቦርዱ ላይ ያለው ባለ 14 እግር ቺፕ ስሙ ተፍቋል፤ ደብዝዞ የሚታየው 1127 የሚል ቁጥር ብቻ ነው። መርካቶ ድረስ ሰው ልኬ 1127 የሚባል ቺፕ ጠፋ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ መርካቶ የላክኸውን ሰው መልሰው። 1127 የቺፑ ስም ሳይሆን የተሠራበት ጊዜ ነው። አራት አሃዝ ለብቻው ተጽፎ ስታገኝ አብዛኛውን ጊዜ የፊተኞቹ ሁለቱ ዓመቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን ይናገራሉ። የአንተው በፈረንጆች 2011፣ 27ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው፤ በእኛ 2003 ሰኔ ማለቂያ ግድም።

ስሙን ለማየት ጀርባውን በአልኮል በቀስታ ጠርገህ የስልክህን መብራት ከጎን አስጠግተህ እይ። ነጭ ጠመኔ ቀባ አድርገህ ብትጠርገውም በሌዘር የተቀረጸ ጽሑፍ አንዳንዴ ይወጣል። ቲነር ግን አታስነካው፤ በቀለም የታተመውን ጨርሶ ያጠፋዋል። በአንድ አቅጣጫ የሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች ካየህ ሆን ተብሎ ተፍቋልና አትድከም። አንዳንድ አምራቾች ሥራቸው እንዳይቀዳ ይፍቁታል፤ ጠጋኙን እንዴት እንደሚያሰቃዩት አንተም አየኸው።

አሁን ወደ ቦርዱ እንሂድ። ስታቢላይዘሩን ከሶኬት ንቀል፤ የካፓሲተሮቹ ቻርጅ እስኪያልቅም ጠብቅ። ትራንስፎርመሩ ብዙ ጊዜ ከ220 ቮልቱ ያልተለየ ስለሆነ፣ ተሰክቶ ሳለ ቦርዱን በሙሉ እንደ መብራት መስመር ቁጠረው። ከዚህ በታች ያለው ልኬት ሁሉ ተነቅሎ የሚሠራ ነው።

በቺፑ አንድ ጫፍ ላይ ያለውን ቀዳዳ (ጎድጎድ ያለ ምልክት) ወይም ነጥብ ወደ ላይ አዙር። ከግራ በኩል የላይኛው 1ኛ እግር ነው፤ ወደ ታች እስከ 7 ቆጥረህ፣ በቀኝ በኩል ከታች ወደ ላይ እስከ 14 ትወጣለህ። ቀጥሎ 12 ቮልት የሚያወጣውን ሬጉሌተር (ቮልቱን ቋሚ የሚያደርገውን ክፍል) ፈልግ። ትልቁ 7812 ከሆነ ጽሑፉ ወደ አንተ ሲዞር መካከለኛው እግር ግራውንድ (የኔጋቲቭ መስመር)፣ የቀኙ ውጪ (ቮልቱ የሚወጣበት እግር) ነው። ትንሿ እንደ ትራንዚስተር ያለችው 78ኤል12 ከሆነች ግን ጠፍጣፋው ፊቷ ወደ አንተ ሲሆን ውጪዋ በግራ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

መልቲሜትርህን ድምፅ በሚሰጥበት ቦታ አድርገህ አንዱን ጫፍ ግራውንዱ ላይ ያዝ፣ በሌላው የቺፑን እግሮች አንድ በአንድ ንካ። ከዚያ ጫፉን ወደ 12 ቮልቱ ውጪ አዛውረህ ድገመው። ግራውንድ 11፣ ፖዘቲቭ 4 ላይ ከጮኸ ቺፑ ባለ አራት ኦፕ-አምፕ (ሲግናል ማጉያ) ነው፤ የኤልኤም 324 ቤተሰብ። ግራውንድ 12፣ ፖዘቲቭ 3 ከሆነ ኤልኤም 339 ኮምፓራተር (ሁለት ቮልቴጅ አወዳዳሪ) ነው። 7 እና 14 ከሆነ ወደ ሎጂክ ቺፖች (በ0 እና 1 ብቻ የሚሠሩ) ታዘነብላለህ። ከግራውንድ ጋር የታሰሩ ሌሎች እግሮችም ሊጮሁ ስለሚችሉ ሁለቱ እግሮች ጥንድ ሆነው ካልገጠሙ አትፍረድ።

ሁለተኛው ምስክር ውጪዎቹ ናቸው። በ324 አራቱም ውጪዎች በአራቱ ማዕዘን ላይ ናቸው፦ 1፣ 7፣ 8፣ 14። ከየማዕዘኑ የሚወጣው መስመር በሬዚስተር አልፎ ሪሌይ ወደሚነዳው ትራንዚስተር ሲሄድ በዓይንህ ታየዋለህ። በ339 ግን ውጪዎቹ 1፣ 2፣ 13 እና 14 ስለሆኑ ቀዳዳው ባለበት ጫፍ ተሰብስበዋል፤ ከእያንዳንዱም ወደ ፖዘቲቭ የሚወጣ ሬዚስተር አለ፣ ምክንያቱም ቺፑ በራሱ ወደ ላይ መሳብ አይችልም። አንዱን በሌላው ቦታ ብትተክል 12 ቮልቱን ባልተገባ እግር ታስገባለህ።

እንደነገርከኝ የስታቢላይዘር ቦርድ ከሆነ 324 ይመስለኛል። ቲኤል 074 የእግር አደራደሩ ከ324 ጋር አንድ ቢሆንም እንዳትተካው፤ በነጠላ 12 ቮልት ሲሠራ ግራውንድ አጠገብ ያለ ቮልቴጅ በትክክል አያነብም።

ግን ቺፑን ከመንቀልህ በፊት የፊልተር ካፓሲተሩን (የቦርዱን ዲሲ የሚያለሰልሰውን) ቀይረህ ሞክር። ሪሌይ ሳያቋርጥ ሲመታ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዚህ ዓይነት ካፓሲተር ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ በአዳማ ሙቀት፣ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ፣ ከትራንስፎርመር ጎን ለዓመታት የኖረ ምን እንደሚሆን አስበው። አናቱ ባይነፋም ውስጡ ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ይህ ካልፈታው ቺፑን አውጣ፣ ባለ 14 እግር መሰኪያ በየድ፣ አዲሱን ሰካበት። ስሙንም በማርከር ቦርዱ ላይ ጻፍ፤ ነገ ሌላ ጠጋኝ እንዳንተ አይንከራተት። መጀመሪያ ስታበራው 100 ዋት የክር አምፖል በመብራት መስመሩ ላይ በተከታታይ (ሲሪስ) አስገባ። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ወዲያው ንቀለውና በልኬት ያገኘኸውን የእግር ቁጥር ጨምረህ ጻፍልኝ።