በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በእንግሊዝ የነበረው የቤቶችና የንጽህና ቁጥጥር፦ ጥያቄና መልስ

(ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የንጽህና ተቆጣጣሪው አንድ ቤት ሲገባ ምን ይመረምር ነበር?

መልስ፦ የግድግዳውን እርጥበት፣ የጣሪያውን ሁኔታ፣ ብርሃንና አየር በበቂ መግባቱን፣ እንዲሁም አንዱን መጸዳጃ ቤት ስንት ቤተሰብ እንደሚጋራው ይመዘግባል። የፍሳሽ ቱቦው ተሰንጥቋል ብሎ ከጠረጠረ ቱቦው ውስጥ ጭስ ይለቃል፤ ጭሱ ከወለሉ ሥር ብቅ ካለ የስንጥቁ ቦታ ይታወቃል። ጉድለት ሲገኝ ለአከራዩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ቸል ካለም ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል።

ጥያቄ፦ መንደሩን በሙሉ ማፍረስስ ይቻል ነበር?

መልስ፦ አዎን፤ በተለይ በጤና ሚኒስትሩ በአርተር ግሪንዉድ ዘመን ከወጣው ከ1930ው የቤቶች ሕግ ወዲህ። ሐኪም የሆነው የከተማው የጤና ሹም ቤቶቹ ለመኖሪያ እንደማይበቁ ለምክር ቤቱ ያሳውቃል፤ ምክር ቤቱ ቦታው እንዲጸዳ ይወስናል፤ ውሳኔው ግን የሚኒስትሩን ማጽደቅ ይጠይቃል። ለመኖሪያ ላልበቃ ቤት ባለቤቱ የሚከፈለው የመሬቱ ዋጋ ብቻ ነበር።

ጥያቄ፦ ቤት «ተጨናንቋል» የሚባለው መቼ ነው?

መልስ፦ በ1935ቱ ሕግ መሠረት ሁለት ክፍል ላለው ቤት ልኩ ሦስት ሰው ነው። ዓመት ያልሞላው ሕፃን አይቆጠርም፤ ከዚያ በላይ ሆኖ አሥር ዓመት ያልሞላው እንደ ግማሽ ሰው ይቆጠራል፤ ሳሎኑም እንደ መኝታ ክፍል ይገባል። በእኔ እምነት ይህ መለኪያ እጅግ የላላ ስለነበር በጠባብ ቤት ታፍነው የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ከሕጉ ጥበቃ ውጪ ቀርተዋል።

ጥያቄ፦ ወደ አዲስ ቤት የተዛወሩት ሰዎች ጤናቸው ተሻሻለ?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም፤ ለዚህም የስቶክተን ኦን ቲስ ከተማ ታሪክ በጥሞና ሊጤን ይገባዋል። በ1927 ከአንድ የተጎሳቆለ መንደር የወጡ 710 ያህል ሰዎች ማውንት ፕሌዘንት በተባለ አዲስ ሠፈር ገቡ። የከተማው የጤና ሹም ዶክተር ማክጎኒግል በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት የሞታቸውን መጠን ሲያሰላ፣ የዕድሜ ስብጥሩ ከተስተካከለ በኋላ፣ ከ1000 ሰው ወደ 23 ገደማ የነበረው ከ33 በላይ ሆኖ አገኘው፤ በአሮጌው ሠፈር የቀሩት ሞት ግን ቀንሶ ነበር። ቤቶቹ ደኅና ስለነበሩ ምክንያቱን በየቤተሰቡ ወጪ ውስጥ ፈለገ፤ ኪራዩ በእጥፍ ገደማ በመጨመሩ፣ በተለይ ሥራ አጥ የሆኑት ለምግብ የሚያውሉት ገንዘብ አንሶ ተገኘ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማፍረሱ ስህተት ነበር?

መልስ፦ አልነበረም፤ ማንም ሰው በእርጥብ ቤት እንዲኖር ሊፈረድበት አይገባም። መስተካከል የነበረበት ኪራዩ ነው። የሊድስ ከተማ ምክር ቤት፣ የቤቶች ኮሚቴው በቄስ ቻርልስ ጄንኪንሰን በሚመራበት ጊዜ፣ በ1934 ኪራዩን በቤተሰቡ ገቢ ልክ ማስከፈል የጀመረ ሲሆን፣ እጅግ ድሃ የሆኑት ምንም ሳይከፍሉ ይኖሩ ነበር።