ጽሑፍዎ ያለ ስምዎ ሲዞር ለሥራ ናሙና ሊያቀርቡት ይችላሉ?

ውድ ጠያቂያችን፣

የጋዜጠኝነት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ እንደሆኑ፣ በራስዎ የቴሌግራም ቻናል ላይ ስለ ጠላ ጠማቂ እናቶች የጻፉት ዘገባ ስምዎ ተቆርጦ ብዙ ተከታይ ባለው የፌስቡክ ገጽ ላይ እንደወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ አንድ የዩቲዩብ ተራኪ በድምፁ እንዳነበበው ጽፈውልናል። አሁን አንድ የማስታወቂያ ድርጅት የሥራ ናሙና እንዲልኩ ስለጠየቀዎት፣ ቀጣሪው «ይህንን ሌላ ቦታ አንብቤዋለሁ» ቢል ምን እንደሚመልሱና ከእንግዲህ በኢንተርኔት መጻፍ ማቆም ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል።

መጻፍዎን አያቁሙ። ለጀማሪ ጸሐፊ በይፋ የወጣ ጽሑፍ ዲግሪ የማያሳየውን ችሎታ ያሳያል፤ ተደብቆ የተቀመጠ ጽሑፍ ደግሞ ከሌባ ቢያመልጥም ከቀጣሪም ያመልጣል። ጥረትዎን ሁሉ «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የጻፍኩትም በዚህ ቀን ነው» ብለው በተጠየቁ ጊዜ ማሳየት በሚችሉበት ነገር ላይ ያውሉት።

ሕጉ በዚህ ረገድ ከእርስዎ ጋር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ጽሑፍ ጥበቃ የሚሰጠው ከተጻፈበት ጊዜ አንሥቶ ሲሆን፣ ምዝገባን ቅድመ ሁኔታ አያደርግም፤ የኢኮኖሚ መብቱም፣ ማለትም ጽሑፉን የማባዛትና የማሰራጨት መብቱ፣ በጸሐፊው የሕይወት ዘመንና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጸናል። በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ክርክር ሲነሣ ይጠቅማል፤ ሆኖም በየሳምንቱ ለሚለቁት አጭር ጽሑፍ ድካሙ የሚያዋጣ አይመስለኝም፤ ሥራዎችዎን በመጽሐፍ መልክ ሲያሰባስቡ ያስቡበት። አዋጁ ሐሳብንና ጥሬ መረጃን እንደማይጠብቅም ይወቁ፤ ሌላ ሰው እነዚያኑ እናቶች ሄዶ አነጋግሮ በራሱ አገላለጽ ቢጽፍ፣ ቢያናድድዎትም፣ መብትዎን አልነካም። ምንጩንና የጸሐፊውን ስም ገልጾ በመጠኑ መጥቀስም የተፈቀደ ነው። የእርስዎ ዓረፍተ ነገሮች ግን እንዳሉ ነው የተወሰዱት፤ ያለ ፈቃድ በድምፅ ቀርጾ ማሰራጨትም ከዚሁ የተለየ አይደለም።

ማስረጃ የሚሰበሰበው የወሰደውን ሰው ከማነጋገር በፊት ነው፤ ብዙዎች ቅሬታ ሲደርሳቸው ልጥፉን አጥፍተው «የቱ ነው?» ይላሉና። የገጹ ስም፣ ቀኑና ሊንኩ አብረው የሚታዩበት ስክሪንሾት ያንሡ፤ የራስዎን ልጥፍ ሊንክም የድረ ገጾችን ቅጂ ከነቀኑ በሚያስቀምጠው በኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ላይ ያስቀምጡ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ቃል በቃል ያስተያዩ። እርስዎ በጥድፊያ «ጌሾ»ን አንድ ቦታ ላይ «ጌሸ» ብለው ጽፈው ከሆነና ያው ግድፈት በፌስቡክ ገጹም ላይ ተቀምጦ ካገኙት፣ ከዚያ የተሻለ ምስክር አይገኝም፤ ስለዚህ ጉዳዩ እልባት እስኪያገኝ በራስዎ ልጥፍ ላይ አያርሙት፤ ቴሌግራም በታረመ ልጥፍ ላይ ምልክት ስለሚያሳይ፣ ያለ ምክንያት ጥርጣሬ ይጋብዛሉ። በጉግል ዶክስ የሚጽፉ ከሆነ ረቂቁ ከቀን ወደ ቀን እንዴት እንዳደገ የሚያሳየው የለውጥ ታሪክ በራሱ ተቀምጦ ይቆይዎታል፤ የቃለ መጠይቁን የድምፅ ቅጂና የማስታወሻ ደብተርዎንም አይጣሉ። ሌሎች ቅጂዎች መኖራቸውን ለማጣራት አንድ ለየት ያለ ሐረግ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገው ይፈልጉ፤ ሐረጉን ሲመርጡ ሀና ሐ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ የሌሉባቸውን ቃላት ቢወስዱ ይሻላል፤ የሚገለብጡ ሰዎች እነዚህን ፊደላት ሲያቀያይሩ ፍለጋው ላያገኛቸው ይችላል።

ማስረጃዎ ከተሟላ በኋላ በመጀመሪያ በውስጥ መስመር አጭርና ጨዋ መልእክት ይላኩ፤ የመጀመሪያውን ልጥፍ ሊንክ አያይዘው፣ ወይ ስምዎ እንዲጠቀስ ወይ ልጥፉ እንዲነሣ፣ ከሁለቱ የሚፈልጉትን በግልጽ ይንገሯቸው። መልስ ካጡ ፌስቡክም ሆነ ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ መሠረት የማስነሻ ጥያቄ የሚቀበሉበት ቅጽ አላቸው። ዩቲዩብ በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ የደረሰበትን ቻናል ሊዘጋ ስለሚችል፣ ተራኪዎች የጨዋ መልእክት ዋጋ ቶሎ ይገባቸዋል። ቅጹ ላይ የሚሰጡት ቃል ሕጋዊ ማረጋገጫ መሆኑንና ስምዎ ለተከሳሹ ሊገለጽ እንደሚችል ግን አይዘንጉ። በአስተያየት መስጫ ሥር መሳደብ ምንም አይፈይድም፤ ቀጣሪም ያየዋል።

ወደፊት ስምዎን ከጽሑፉ ግርጌ ብቻ አያስቀምጡ፤ ሲገለብጡ የመጀመሪያዋ የምትቆረጠው መስመር እሷ ናት። «እኔ ይህን ዘገባ የምጽፈው የሰፈሩ ልጅ» የሚል ዓይነት የራስዎ አሻራ ያለበት ዓረፍተ ነገር በመካከል ቢኖር ለመፋቅ ያስቸግራል። ልጥፍ ፎርዋርድ እንዳይደረግ የሚከለክለውን የቴሌግራም የይዘት ጥበቃ ግን እንዲያበሩ አልመክርም፤ ከቻናል ፎርዋርድ የተደረገ ልጥፍ የቻናሉን ስም ይዞ ስለሚሄድ፣ ፎርዋርድ ማድረግን መዝጋት ሐቀኛውን አንባቢ ይከለክላል፤ በእጁ መልሶ ለሚተይበው ሌባ ደግሞ ምንም አያደርገውም።

እንደ ሙያ አማካሪ ከፌስቡኩ ገጽ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሚፈርሙት ውል ነው። በአዋጁ መሠረት ተቀጥረው ወይም ታዘው የሚሠሩት ጽሑፍ፣ በስምምነት ካልተለወጠ በስተቀር፣ መብቱ የአሠሪው ነው፤ ይህም ማለት ሁለት ዓመት ሠርተው ሲለቁ የጻፉትን ለሌላ ቀጣሪ የማሳየት መብት ላይኖርዎት ይችላል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት «ሠራተኛዋ ለሕዝብ የወጡ ሥራዎቿን በግል የሥራ ናሙናነት ማሳየት ትችላለች» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲገባልዎ ይጠይቁ፤ ጨዋ ድርጅት አይከለክልም። በትርፍ ጊዜዎ የሚጽፉበት ቻናል የእርስዎ ሆኖ እንደሚቀጥልም በጽሑፍ ይስፈር። ሌላው የተለመደ ወጥመድ ያለ ክፍያ የሚታዘዝ «የሙከራ ጽሑፍ» ነው፤ አመልካቾች በነጻ የጻፉትን ሰብስቦ የሚያትም ድርጅት አለ። በአንድ ገጽ ሙከራ ቅር አይበልዎ፤ ስለ ድርጅቱ እውነተኛ ደንበኛ አምስት ሙሉ ማስታወቂያ ጻፉ ከተባሉ ግን ክፍያ ይጠይቁ ወይም ቀደም ሲል ያወጧቸውን ሥራዎች በምትኩ ያቅርቡ፤ በኢሜይሉም ላይ «የቀረበው ለምዘና ብቻ ነው» ብለው ይጻፉ።

ለአሁኑ ማመልከቻ ሦስት ሥራዎችን በፒዲኤፍ ይላኩ፤ በእያንዳንዱ ራስጌ ላይ መጀመሪያ የወጣበትን ቀንና ሊንክ ያስቀምጡ። የተሰረቀውን ዘገባ አያስቀሩት፤ የተሰረቀው ጥሩ ስለሆነ ነው። ከሥሩ «ይህ ዘገባ መጀመሪያ የወጣው በእኔ ቻናል ነው፤ ስሜ ሳይጠቀስ በሌሎች ገጾች ላይ የሚገኘው ቅጂ ነው» የሚል መስመር ያክሉና ወቀሳውን በዚያው ይተዉት። ወደ ቃለ መጠይቁ ሲሄዱ የማስታወሻ ደብተሩን ይያዙ፤ ጥያቄው ከተነሣ እናቶቹን እንዴት እንዳገኟቸው፣ ምን ጠይቀዋቸው ምን እንደመለሱልዎ፣ የትኛውን አንቀጽ ለምን ቆርጠው እንደጣሉት ይንገሯቸው፤ ይህን የገለበጠው ሰው ሊመልሰው አይችልም።