ማሲንቆ እየተጫወትኩ ዶክተር መሆን እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ማሲንቆ ተጫዋች ነኝ። ማታ መድረክ ላይ እሠራለሁ፣ ቀን አስተምራለሁ፣ በሙዚቃ ማስተርስ አለኝ። ውጭ አገር ፒኤችዲ መማር ያምረኛል፤ ግን ዓመታት ሙሉ ላይብረሪ ተቀምጬ ጣቴ እንዳይዶለዱም እፈራለሁ። አንዳንዶች «እየተጫወትሽም ዶክተር ትሆኛለሽ» ይሉኛል። እውነት ነው ወይስ ወሬ?

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ። ግን የት አገር እንደምታመለክቺ ካላወቅሽ የፈራሽው ይደርሳል።

የተለመደው መንገድ ኢትኖሙዚኮሎጂ፣ ማለትም ሙዚቃን ከሕዝቡ ባህልና ኑሮ ጋር አያይዞ የሚያጠናው ትምህርት ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ በ1971 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን የሠራው በዚሁ ነው። ጥሩ መንገድ ነው፣ ግን በዋናነት የምትመዘኚው በጻፍሽው ነው። አሜሪካኖቹ ለተጫዋች የሚሰጡት ሌላ የሙዚቃ ዶክትሬትም አላቸው፤ እሱ ደግሞ በአብዛኛው ለፒያኖና ለቫዮሊን ዓይነቱ የተሰፋ ነው።

አንቺ የምትፈልጊው ኪነ ጥበባዊ ምርምር የሚባለውን፣ መጫወቱን ራሱን የምርምር መንገድ የሚያደርገውን ይመስለኛል። እንግሊዝ፣ ፊንላንድ፣ ስዊድን፣ ኖርዌይ አለ። ሄልሲንኪ ያለው ሲቤሊየስ አካዳሚ ኮንሰርቶችሽን ራሳቸውን የዶክትሬቱ አካል አድርጎ ያስገመግማል፤ የባህል ሙዚቃ ክፍልም ስላለው ማሲንቆ ይዘሽ ብትሄጂ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» የሚልሽ አይበዛም። ጽሑፍ ግን አይቀርልሽም። ከሥራው ጎን ምን እንደጠየቅሽና ምን እንዳገኘሽ ጽፈሽ ገምጋሚዎች ፊት ትከራከሪበታለሽ። ሳይጻፍ የሚገኘው የክብር ዶክትሬት ነው፣ ሙላቱ አስታጥቄ በ2012 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ እንዳገኘው፤ ለሱ ግን ዕድሜ ልክ መሥራት ያስፈልጋል!

ብዙ ሰው የሚወድቀው ፕሮፖዛሉ፣ ማለትም ስታመለክቺ የምትልኪው የምርምር ዕቅድ ላይ ነው። «የኢትዮጵያ ባህላዊ ሙዚቃ ታሪክና ዕድገት» ብለሽ እንዳትልኪ፣ አደራ። እሱን ማሲንቆ ነክቶ የማያውቅ ሰውም ይጽፈዋል። ይልቅ አንድ ምሽት አስቢ። ደንበኛው «ተቀበይ!» ብሎ ግጥም ይወረውርልሻል፣ አንቺ ደግሞ መጫወቱን ሳታቋርጪ ስንኙን ሰምተሽ፣ ይዘሽ፣ ዜማው ውስጥ አስገብተሽ መመለስ አለብሽ። በዚያች ቅጽበት ደጋኑን የያዘው እጅሽ ምን ያደርጋል? ያዘገያል? አንዲት ድምፅ ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል? ባቲ ቅኝት ላይ ስትሆኚና ትዝታ ቅኝት ላይ ስትሆኚስ ይለያያል? ይሄን ተጫውቶ ካልሆነ በንባብ ብቻ የሚመልሰው የለም። ዶክትሬት የሚያሰጠውም እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው። ከሌለሽ ገና አታመልክቺ፣ እየሠራሽ ቆዪ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ኖርዌይና ስዊድን የዶክትሬት ተማሪውን እንደ ሠራተኛ ቀጥረው ደመወዝ ይከፍሉታል። ቦታው ጥቂት ስለሆነ ግፊያው ከባድ ነው። ፊንላንድ የትምህርት ክፍያ የለም፣ መኖሪያውን ግን ራስሽ ፈልጊ። እንግሊዝ ስኮላርሺፕ ሳይዙ መሄድ ኪስ ያራቁታል።

ከማመልከትሽ በፊት የሚያማክርሽን ሰው ፈልጊና በቀጥታ ጻፊለት። አጭር ኢሜይል፣ ከአንድ ቪዲዮ ጋር። ማሲንቆ የሚያውቅ ባይሆንም ግድ የለም፣ በመጫወት መመራመር የገባው ይሁን። ቪዲዮውን ስትቀርጪ ደግሞ ስልኩን እጅሽ በደንብ በሚታይበት በኩል አስቀምጪው። መብራቱና ቀሚሱ ለዩቲዩብ ይቆይ።